የምሩቃን ትስስርን ለሙያ ዕድገት የመጠቀም መመሪያ

ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ከዲግሪው ሌላ ብዙ ጊዜ ልብ የማይለው ሀብት ይዞ ይወጣል፤ ይኸውም ከእርሱ በፊትና በኋላ በዚያው ግቢ ያለፉት ሰዎች ናቸው። አብዛኛዎቹን በመልክ አያውቃቸውም፤ ይሁንና «እኔም እዚያ ነው የተማርኩት» ብሎ ቢጽፍላቸው ከሌላው የማያውቁት ሰው ይልቅ ለእርሱ መልስ መስጠት አይከብዳቸውም። ይህን ሀብት የሚያባክኑት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ አንደኞቹ ሰው ማስቸገር ነውር መስሏቸው ጨርሰው የማይሞክሩ ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ ደግሞ ለዓመታት ድምፃቸውን አጥፍተው ከሥራ በወጡ ማግስት ለመቶ ሰው ሲቪ የሚበትኑ ናቸው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሥራ ለሚፈልግ አዲስ ምሩቅ፣ መስክ ለመቀየር ለሚያስብ ባለሙያና ባለበት ድርጅት ማደግ ለሚሻ ሰው ሲሆን፣ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ፦ ትስስሩ የሚሠራበትን ምክንያት ይረዱ

የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ያ ሰው ምን ያህል ይቀርባቸው እንደነበር ጠይቀው ነበር። ያን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ ከስንት አንዴ ብቻ ያገኙት ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት 54 ሰዎች ብቻ ስለነበሩ ቁጥሩን እንደ ሕግ መያዝ አይገባም። ሆኖም በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው፣ ሃያ ሚሊዮን ያህል የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን የሸፈነ የሙከራ ጥናትም ወደ ተመሳሳይ ውጤት አመራ፤ ሥራ ለመቀየር ይበልጥ የረዱት የልብ ወዳጆች ሳይሆኑ መጠነኛ ትውውቅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። የቅርብ ጓደኛዎ የሚያውቀው እርስዎ የሚያውቁትን ነው፤ የሚሰማው ወሬም እርስዎ ዘንድ የደረሰውን ነው። በሌላ ድርጅት፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሙያ ያለ ሰው ግን እርስዎ ጆሮ የማይደርስ ነገር ይሰማል። ግራኖቬተር ራሳቸው ሥራ ያስገኙት ሰዎች ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞ የኮሌጅ ጓደኛ ወይም የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ያሉ፣ ግንኙነታቸው የላላ ሰዎች መሆናቸውን አስተውለዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚያነጣጥሩት የዶርም ጓደኞችዎ ላይ ሳይሆን ከእርስዎ ሦስት ባች በፊት በወጡት፣ በሌላ ዲፓርትመንት በተማሩትና ስማቸውን ብቻ በሰሙት ሰዎች ላይ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ የሚፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ሥራ እፈልጋለሁ» የሚለው ሐሳብ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ሊረዳዎ የሚፈልግ ሰው እንኳ በምን እንደሚረዳዎ አያውቅም። በወረቀት ላይ ሦስት ነገሮችን ይጻፉ፤ አሁን የሚሠሩትን፣ ሊደርሱበት የሚፈልጉትን፣ እዚያ ለመድረስ የጎደለዎትን መረጃ። ለምሳሌ «በኦዲት አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ወደ ዳታ ትንተና መሻገር እፈልጋለሁ፤ ቀጣሪዎች የኦዲት ልምድን እንዴት እንደሚቆጥሩት ግን አላውቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንን መፈለግ እንዳለብዎ ጭምር ይነግርዎታል። ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተዎት ገና ሰው ለማነጋገር አልደረሱምና እዚህ ደረጃ ላይ ጥቂት ቀናት ቢቆዩ ይሻላል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መገኘት የሚችሉ ሰው ይሁኑ

ሰው ከመፈለግዎ በፊት ሌሎች ሲፈልጉዎ መገኘት አለብዎ። ዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ወይም ማኅበር ካለው ይመዝገቡ። ሲመዘገቡ በትምህርት ማስረጃዎ ላይ ያለውን ስም፣ የተመረቁበትን ዓመትና ዲፓርትመንቱን በትክክል ያስገቡ። ስምዎ በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ የሚጻፍ ከሆነ አንዱን መርጠው በሁሉም ቦታ ይጠቀሙበት፤ አንድ ፊደል በመለያየቱ ብቻ ከመዝገብ ውስጥ የሚጠፋ ሰው ብዙ ነው። በተማሪነት ጊዜ የተሰጠዎን የኢሜይል አድራሻ ግን አይጠቀሙ፤ ብዙ ተቋማት ከምረቃ በኋላ ስለሚዘጉት የሚላክልዎ መልእክት ሁሉ ባክኖ ይቀራል።

ቀጥሎ በ2003 ሥራ የጀመረውን ሊንክድኢንን ወይም በመስክዎ ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ሌላ መድረክ ያዘጋጁ። በሊንክድኢን ላይ አንድ ትንሽ ነገር ትልቅ ልዩነት ታመጣለች። የዩኒቨርሲቲውን ስም ሲያስገቡ እንዲሁ ጽፈው አይለፉ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ይምረጡት። በዝርዝሩ የመረጠ ሰው ከተቋሙ ገጽ ጋር ይያያዛል፤ ሌሎች ምሩቃንን ሲፈልጉም ይወጣል። በዚያው በተቋሙ ገጽ ላይ የቀድሞ ተማሪዎችን በሚኖሩበት ቦታ፣ በሚሠሩበት ድርጅት፣ በተማሩት ትምህርትና በዓመት መለየት ስለሚቻል፣ ለቀጣዩ ደረጃ የሚያስፈልግዎን አብዛኛውን መረጃ የሚያገኙት ከዚሁ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ትንሹን ስብስብ ይፈልጉ

ትልቅ ማኅበር በራሱ ሥራ አያስገኝም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ሲመሠረቱ ዓላማቸው ይህ አልነበረም። ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነው በአሜሪካ የዊሊያምስ ኮሌጅ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር በ1821 የተቋቋመው፣ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት የተወሰኑ ተማሪዎችን ይዘው አምኸርስት ወደተባለው አዲስ ኮሌጅ በመሄዳቸው ምሩቃኑ ትምህርት ቤታቸው እንዳይዘጋ ለመታደግ ነበር። ዛሬም ቢሆን የብዙ ማኅበራት የመጀመሪያ ሐሳብ ተቋሙን መርዳትና ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከከንቱ ቅሬታ ያድናል።

ጉልበት ያለው በውስጡ ባሉት ትናንሽ ክፍሎች ነው። በጃፓን ተሰሚነታቸው ከጎላ የምሩቃን ስብስቦች አንዱ የሆነው የኬዮ ዩኒቨርሲቲ «ሚታ-ካይ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፉኩዛዋ ዩኪቺ በ1858 በመሠረቱት በዚህ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች አንድ ወጥ ማኅበር ብቻ ይዘው አልቀሩም፤ በሚኖሩበት አካባቢ፣ በተመረቁበት ዓመት፣ በሚሠሩበት ድርጅትና በሙያቸው በሚታ-ካይ ስም ተደራጅተዋል። አንድ የሒሳብ ባለሙያ ከሺዎች ጋር ሳይሆን በቀጥታ ከሙያ ጓዶቹ ጋር ይገናኛል ማለት ነው። እርስዎም በማኅበርዎ ውስጥ የዲፓርትመንት፣ የከተማ ወይም የሙያ ቅርንጫፍ መኖሩን ይጠይቁ፤ ካለ ከዋናው ማኅበር ይልቅ እዚያ ይግቡ።

ከዚያም ከሃያ እስከ ሠላሳ ሰዎች የያዘ ዝርዝር ያዘጋጁ። በዝርዝሩ ላይ አብዛኛውን ቦታ ከእርስዎ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ቀድመው ለወጡ ሰዎች ይስጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በቀጥታ ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ይሄዳል። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሥራ የጀመረው ከሃያ ዓመት በፊት ስለሆነ ዛሬ ያለውን የመግቢያ ፈተናም ሆነ የቃለ መጠይቅ ሥርዓት ላያውቅ ይችላል፤ ባለፈው ዓመት በዚያው በር የገባችው ምሩቅ ግን የተጠየቀችውን ጥያቄ ሁሉ ታስታውሳለች። በላይ ያሉት ሰዎች የሚጠቅሙት በኋላ፣ ስለ ዕድገትና ስለ ውሳኔ ሲወያዩ ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያውን መልእክት ይጻፉ

ይህ ደረጃ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ በምሳሌ እንመልከተው። አዘውትሮ የሚላከው መልእክት እንዲህ ያለ ነው፦

«ሰላም፣ እንዴት ነህ? እኔም የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ሥራ እየፈለግኩ ስለሆነ የሆነ ነገር ካለ አሳውቀኝ። ሲቪዬን አያይዣለሁ።»

ይህ መልእክት ሦስት ጉድለቶች አሉበት። ጸሐፊው ማን እንደሆነ አይናገርም፤ «የሆነ ነገር» በማለት የማሰቡን ሥራ በሙሉ ተቀባዩ ላይ ይጥላል፤ ለማንም ቢላክ የሚሄድ ስለሆነም ለማንም የተጻፈ አይመስልም። ከዚህ ጋር ቢያነጻጽሩት ልዩነቱ ይታያል፦

«ጤና ይስጥልኝ። (ስም) እባላለሁ፤ እርስዎ ከተመረቁ ከስድስት ዓመት በኋላ ከዚያው ከአካውንቲንግ ዲፓርትመንት ተመርቄያለሁ። ላለፉት አራት ዓመታት በኦዲት ሥራ ቆይቼ አሁን ወደ ዳታ ትንተና ለመሻገር እየተዘጋጀሁ ነው። እርስዎ በዚሁ መንገድ እንደሄዱ ከገጽዎ ስላየሁ፣ ከኦዲት ለወጣ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ምኑ እንደሚከብድ ልጠይቅዎ ፈልጌ ነው። በሚመችዎ ቀን ሃያ ደቂቃ በስልክ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል፤ ካልተመቸዎ ለሁለት ጥያቄዎች በጽሑፍ ቢመልሱልኝም ይበቃኛል።»

እዚህ ላይ ትውውቁ የመጣበት መንገድ በመጀመሪያው መስመር ላይ ተነግሯል፤ ይህ ሰው ለምን እንደተመረጠ ተገልጿል፤ የተጠየቀው ነገር ትንሽና ወሰን ያለው ነው፤ ሊመለስ የሚችልበት ቀላል አማራጭም ተሰጥቷል። ሲቪ አልተያያዘም። በመጀመሪያው መልእክት ላይ ሲቪ ማያያዝ «መረጃ ፈልጌ ነው» የሚለውን ቃል ወዲያውኑ ያፈርሰዋል።

ስለ አጠራር አንድ ነገር ልጨምር። ግቢ ውስጥ ሁሉም አንተና አንቺ ሲባባል ስለኖረ፣ ብዙ ምሩቃን ከዓመታት በኋላም በዚያው ይጀምራሉ። በማያውቁት ሰው ዘንድ ግን «እርስዎ» ብሎ መጀመር አያስቀይምም፤ ሰውየው «አንተ በለኝ» ካለ ያን ጊዜ መለወጥ ቀላል ነው፤ ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» መመለስ ግን ለሁለቱም ያሳፍራል።

መልስ ካልመጣ ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሁለት መስመር ያስታውሱ። ከዚያ በኋላ ይተዉት። ዝምታው ስለ እርስዎ የሚናገረው ነገር የለም፤ ብዙ ጊዜ የሥራ ብዛት ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ውይይቱን ያካሂዱ

በጃፓን ሥራ ፈላጊ ተማሪዎች ለአንድ ድርጅት ከማመልከታቸው በፊት በዚያ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲያቸውን ምሩቅ አግኝተው ስለ ሥራው የሚጠይቁበት የቆየ ልማድ አለ። ልማዱ የሚጠቅመው የሁለቱም ድርሻ አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ነው፤ ተማሪው ለመጠየቅ፣ ምሩቁ ለመንገር ይመጣል። እንዲህ ያለ ልማድ በሌለበት ቦታ ድርሻውን ግልጽ ማድረግ የጠያቂው ኃላፊነት ነው።

ስለ ሰውየውና ስለ ድርጅቱ በይፋ የሚገኘውን ነገር አስቀድመው ያንብቡ፤ በድረ ገጽ ላይ ያለውን ነገር መጠየቅ የሰው ጊዜ ማባከን ነው። አምስት ጥያቄዎች ይዘው ይግቡ። ጠቃሚ የሚሆኑት በጽሑፍ የማይገኙት ናቸው፦ «ባለፈው ሳምንት ሰኞ ዕለት ምን ሠሩ?»፣ «በዚህ ክፍል ቶሎ ያደጉት ሰዎች ምን የተለየ ነገር ነበራቸው?»፣ «የእኔ ዓይነት ሲቪ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠራጠሩት ምኑን ነው?»። የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙዎች ይፈሯታል፤ እኔ ግን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የምትጠቅም ናት እላለሁ፤ ምክንያቱም ቀጣሪው ፊት ለፊት ሳይነግርዎ የሚያልፈውን ጉድለት ወዳጅ በሆነ ሰው አፍ አስቀድመው ይሰሙታል።

ሃያ ደቂቃ ጠይቀው ከሆነ በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ «የተነጋገርነው ጊዜ እየሞላ ነው» ይበሉ። መቀጠል ከፈለገ እርሱ ይቀጥላል። ከመለያየትዎ በፊት ደግሞ «በዚህ ጉዳይ ሌላ ማንን ባነጋግር ይጠቅመኛል?» ብለው ይጠይቁ። በዝርዝርዎ ላይ ያልነበሩት ሰዎች የሚመጡት ከዚህ ጥያቄ ነው። ሥራ ግን አይጠይቁ። ክፍት ቦታ ካለና ሰውየው ካመነብዎ ራሱ ያነሳዋል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ክሩን አይበጥሱ

በማግስቱ አጭር ምስጋና ይላኩ፤ በምስጋናው ውስጥ ከተነገረዎ ምክር አንዱን ጠቅሰው በእርሱ ምን ለማድረግ እንዳሰቡ ይጻፉ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሰው ይጠፋል። መካሪ የሆነ ሰው ግን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ምክሩ ምን ላይ እንደደረሰ ማወቅ ነው። ከሁለት ወር በኋላ «የነገሩኝን ኮርስ ጨረስኩ፤ ሦስተኛው ክፍል እንዳሉት ከባድ ነበር» የሚል አንድ መስመር ቢልኩ፣ ምንም ሳይጠይቁ ራስዎን አስታወሱ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በጭንቅላት መያዝ ስለማይቻል አንድ ሠንጠረዥ ይክፈቱ፦ ስም፣ ባች፣ የተገናኙበት ቀን፣ የተነጋገሩት ጉዳይ፣ ቀጥሎ የሚጻፍበት ወር። የልጇን ፈተና ያነሳችልዎ ወይም አዲስ ኃላፊነት መረከቡን የነገረዎ ሰው ካለ እሱንም ያስፍሩ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ድጋፍ ሲጠይቁ

ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣና በዚያ ድርጅት የሚያውቁት ምሩቅ ሲኖር ያን ጊዜ በግልጽ መጠየቅ ይቻላል። በርካታ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸው ዕጩ የሚጠቁሙበት ሥርዓት አላቸው፤ አንዳንዶቹም የተጠቆመው ሰው ከተቀጠረ ለጠቋሚው ጉርሻ ይከፍላሉ። ሆኖም ጠቋሚው ከጉርሻው በላይ ስሙን ያስይዛል፤ እርስዎ ካበላሹ ነገ የሚጠቁመውን ሰው የሚሰማው አይኖርም። ስለዚህ እምቢ ለማለት የሚያስችል ክፍተት ይተዉለት፦ «ሥራዬን በቅርበት ስለማያውቁት ለመጠቆም ቢከብድዎ እረዳለሁ፤ ማመልከቻው የሚደርስበትን ክፍል ቢነግሩኝም ይበቃኛል» ቢሉ ክብሩም ትውውቁም ይተርፋል።

እሺ ካለ ሥራውን ያቅልሉለት። የማስታወቂያውን ቁጥርና የሥራ መደቡን ስም፣ የታደሰ ሲቪዎን፣ እንዲሁም ለቀጣሪው ክፍል ቀድቶ ሊልከው የሚችለውን ስለ እርስዎ የሚናገር ሦስት መስመር አብረው ይላኩ። ውጤቱ ሲታወቅ፣ ባይሳካም እንኳ፣ ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ራስዎ ይንገሩት።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። አንድን ዕጩ አስተዋውቆ ውድድሩን ለሌሎች መተው አንድ ነገር ነው፤ የአንድ ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆነ ብቻ ማስቀጠር ሌላ ነው። የፈረንሳይን የመንግሥት ሠራተኞች ያሠለጥን የነበረው ብሔራዊ የአስተዳደር ትምህርት ቤት ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። በ1945 የተመሠረተው ይህ ተቋም በ1980 ከተመረቁት ውስጥ ብቻ እንደ ፍራንስዋ ኦላንድ፣ ሴጎሌን ሯያልና ዶሚኒክ ደ ቪልፓን ያሉ ፖለቲከኞችን አፍርቷል። ሥልጣን በጥቂት ምሩቃን ክበብ ውስጥ ይዞራል የሚለው ቅሬታ ግን እየበረታ ሄዶ፣ ራሳቸው የዚያው ትምህርት ቤት ምሩቅ የሆኑት ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን እንዲዘጋ ወሰኑ፤ በ2022 መጀመሪያም በሌላ ተቋም ተተካ። ነገ ቀጣሪ ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ ከዕጩዎቹ መካከል የሚያውቁት ምሩቅ ካለ አስቀድመው ለባልደረቦችዎ ያሳውቁ፤ ውጤት አሰጣጡ ላይም ባይሳተፉ ይመረጣል።

ስምንተኛ ደረጃ፦ በማኅበሩ ውስጥ ሥራ ይያዙ

ከላይ ያለው ሁሉ ለዓይን አፋር ሰው ከባድ ሊመስል ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የምመክረው አቋራጭ መንገድ የማኅበሩን አንድ ትንሽ ኃላፊነት መቀበል ነው። በአንድ የምሩቃን ስብሰባ ላይ ለምዝገባ ጠረጴዛው ተመድቤ ነበር። አዳራሹ ውስጥ አንድ ጥግ ይዤ ብቆም ከሁለት ሰው በላይ ባላነጋገርኩ ነበር፤ ጠረጴዛው ጋ ስለተቀመጥኩ ግን የገባው ሰው ሁሉ መጥቶ ስሙን ነገረኝ። አንድ ስህተት ግን ሠርተን ነበር። ደረት ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ያስጻፍነው ስም ብቻ ስለነበር ሰዎቹ አጎንብሰው እየተናነበቡ ከ«ታዲያስ» ማለፍ አቃታቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ባቹንና ዲፓርትመንቱን ከስሙ በላይ በትልቁ ስንጽፍ ወሬው ራሱ ተጀመረ። ጸሐፊነት፣ የአባላት መዝገብ ማደስ ወይም ወርኃዊ መልእክት ማዘጋጀትም ተመሳሳይ ጥቅም አላቸው፤ ለማያውቁት ሰው ለመጻፍ ሕጋዊ ምክንያት ይሰጣሉ።

ከእርስዎ በታች ያሉትንም አይርሱ። ዘንድሮ የተመረቀ ልጅ ሲጽፍልዎ ለሃያ ደቂቃ ይመልሱለት። በአምስት ዓመት ውስጥ እርሱ የሚሠራበት ድርጅት ዛሬ ስሙን እንኳ የማያውቁት ሊሆን ይችላል።

ማኅበር ለሌላቸው

የተማሩበት ተቋም የተደራጀ ማኅበር ከሌለው ከዲፓርትመንትዎ ባች ይጀምሩ። ከዚያው ባች ሁለት ሰዎች ይምረጡና በአንድ የጋራ ሠንጠረዥ ላይ ስም፣ የሚሠሩበት መስክ፣ የሚኖሩበት ከተማና «በዚህ ጉዳይ ልጠየቅ እችላለሁ» የሚል ዓምድ ያዘጋጁ። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ የሆነበትን ሰው አያስጨንቁ። የስልክ ቁጥር የሚሰፍረው ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ይሁን፤ ሠንጠረዡም ከቡድኑ ውጪ እንዳይወጣ አስቀድመው ይስማሙ። የመልእክት ቡድን ከከፈቱ የሥራ ማስታወቂያ ብቻ የሚወጣበትን ከጨዋታው ቡድን ይለዩት፤ አለበለዚያ አንድ ጠቃሚ ማስታወቂያ በመቶ የበዓል ምስል ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ሠንጠረዡን የሚያድስ አንድ ሰው በየዓመቱ በተመረቃችሁበት ወር ላይ ይሰየም፤ ሥራ የቀየረው፣ ከተማ የለወጠውና መስክ የተሻገረው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።